ጎመን በፊት በር ይተከላል ወይ?

የዚህ ወር የመጀመሪያው ደብዳቤ ረዘም ያለ ነው፤ መልሱም አብሮት ረዝሟል። ሁለት አጫጭር ጥያቄዎች ከታች አሉ።

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምኖረው ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ነው። ቤታችንን ሠርተን ከገባን ገና ዓመት አልሞላንም። ቦታው 200 ካሬ ነው። ከግቢው በር እስከ በረንዳው 7 ሜትር፣ ወርዱ 9 ሜትር የሚሆን ባዶ መሬት ከፊት ለፊት ተርፎናል። ስልኬ ላይ የእንግሊዝ ገጠር ቤቶችን ፎቶ ማየት ሱስ ሆኖብኛል። ጠባብ የድንጋይ መንገድ፣ ግራና ቀኙን እርስ በርሱ የሚጋፋ አበባ፣ በሩ ላይ የተንዠረገገ ጽጌረዳ። ያንን ነው የምፈልገው። ባለቤቴ ግን "ታይልስ አንጥፈን እንገላገል፣ መኪናም ይገባል" ይላል። አማቴ አበባውን ወደውታል። ከጎኑ ትንሽ ጎመን ልተክል ነው ስላቸው ግን "ጎመን በፊት በር? ሰው ምን ይለናል!" ብለው ተቆጡ። መሬቱ ገረጋንቲ ተሞልቶ የተጠቀጠቀ ነው። ውሃ የምናገኘው በፈረቃ ነው። የፎቶውን አበቦች ከየት ላግኝ? ከምኑስ ልጀምር?

አንባቢዎ፣ ከታቦር

መልስ

እህቴ፣ ከአማትሽ ልጀምር። የጥያቄሽ ሁሉ ቁልፍ ያለው እሳቸው ጋ ነው። ፎቶው ላይ የምታዪው የአበባ ግቢ መነሻው ጎመን ነው። እንግሊዝ አገር በሰው እርሻ ተቀጥሮ የሚሠራ ድሃ የነበረችው መሬት ከቤቱ ዙሪያ ያለችው ቁራጭ ብቻ ነበረች። እዚያች ላይ ጎመኑን፣ ሽንኩርቱን፣ ድንቹንና ባቄላውን ይተክላል። አንድ የፖም ዛፍና የንብ ቀፎ ይኖረዋል፤ ከቻለም ከኋላ አሳማ ያረባል። ለሳልና ለሆድ ቁርጠት የሚሆነው ቅጠል ከበሩ አጠገብ ይበቅላል። አበባው የሚገባው በተረፈችው ቀዳዳ ነው። አንቺን ያማለለሽ ያ መጨናነቅ የመጣው ባዶ የሚተው መሬት ስላልነበረ ነው።

ሀብታሞቹ በዚያ ዘመን ሌላ ነገር ይሠሩ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የትልልቅ ቤቶች ግቢ እንደ ምንጣፍ ነበር የሚነጠፈው። በመስታወት ቤት ያደጉ ችግኞች በክብና በአራት ማዕዘን ይደረደራሉ፤ አበባቸው ሲያልፍ ተነቅለው ይጣላሉ። ይህን አጥብቆ የተቃወመው አየርላንድ የተወለደው አትክልተኛና ጸሐፊ ዊልያም ሮቢንሰን ነበር። ከእሱ ጋር ስሟ የሚነሳው ገርትሩድ ጂኪል ናት፤ እ.ኤ.አ. ከ1843 እስከ 1932 የኖረች፣ ሥዕል የተማረች ሴት። በምትኖርበት በሰሪ አውራጃ በገጠር መንገዶች እየተዘዋወረች የድሆቹን ግቢ ታጠና ነበር። ያየችውን ይዛ ወደ ትልልቆቹ ግቢዎች ገባች። በዕድሜዋ 400 ገደማ የአትክልት ቦታዎችን ነድፋለች። እንግዲህ ስልክሽ ላይ የደረሰው የድሃ ጓሮ ነው፣ በሠዓሊ ዓይን የተስተካከለ። ለአማትሽ ይህን አንብቢላቸው።

እኛም እኮ ይኼው ግቢ አለን። ከኋላ ነው የደበቅነው። ጎመኑ፣ በሶብላው፣ ዳማከሴው፣ አንድ እግር ቡና፣ ጥግ ላይ እንሰት፣ መሀል ላይ ማን እንደተከላት የማትታወቅ ጽጌረዳ። ከፊት ለፊት ደግሞ ሲሚንቶና በገንዳ የቆሙ ሁለት ጥዶች። እኔ የምልሽ ጓሮሽን ወደ ፊት አምጪው ነው። ከእንግሊዞቹ ቀጥ ያለ መንገዳቸውን ተዋሺ። ባዶ አፈር አለመተዋቸውንም ተዋሺ። አንዱን ተክል ቦታ እየቀያየሩ ደጋግመው መትከላቸውንም። ችግኙን ግን ከዚሁ ከሰፈርሽ አግኚ።

የፎቶው አበቦች ላልሽው፣ አብዛኞቹን ተያቸው። ፒዮኒ፣ ቱሊፕና ላይላክ ክረምቱን በብርድ ካልተኙ አያብቡም። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እንደዚያ ያለ ብርድ የላትም። ሌላው ጣጣ የቀኑ ርዝመት ነው። ለንደን ላይ በሰኔ ቀኑ ከ16 ሰዓት ያልፋል፣ በታኅሣሥ ወደ 8 ሰዓት ይወርዳል። እኛ ጋ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ረጅም ቀን ጠብቆ የሚያብብ ተክል ሐዋሳ ላይ ግራ ይገባዋል፤ ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቀራል። ፎክስግለቭ የሚባለው ባለ ደወል አበባ ደግሞ ሁለመናው መርዝ ነው፤ የልብ መድኃኒት የሚወጣው ከእሱ ዘመዶች ቅጠል ነው። ልጆች ባሉበት ግቢ አልመክርም። ላቬንደር ከፈለግሽ ቅጠሉ ጥርስ ጥርስ ያለውን ዓይነት ጠይቂ፤ የእንግሊዙን ሙቀቱና እርጥበቱ ያበሰብሰዋል። የጥብስ ቅጠል ግን ሁለቱንም ያስንቃል። ሰማያዊ አበባ አለው፣ ይሸታል፣ ቅዳሜ ጥብስ ሲሠራ ደግሞ እጅሽ ላይ ነው።

አንድ ነገር ልንገርሽና እናልፋለን። እንግሊዞች እንሰት ለጌጥ ይተክላሉ! በተለይ ቅጠሉ ወደ ቀይ የሚያደላውን። ብርዱ ሲመጣ አንዳንዱ ነቅሎ ቤት ያስገባዋል፣ አንዳንዱ እንደ አራስ ጠቅልሎ ያሳድረዋል። ከእኛ ደጋ የሄደ ነጭ፣ ጉሮሮው ሐምራዊ፣ ሽታው ደስ የሚል የግላዲዮለስ ዓይነትም አለ። ኮረቱን በየዓመቱ እየገዙ ይተክሉታል። እነሱ የእኛን እንሰት በብርድ ልብስ ሲያስተኙ፣ እኛ የእነሱን ቱሊፕ ፍሪጅ ውስጥ እናስተኛለን። ሲዳማ ምድር ላይ ቁጭ ብለሽ ፊት ለፊት እንሰት ብትተክዪ ማንም ሊስቅብሽ አይገባም ለማለት ነው።

አሁን ወደ መሬቱ። ገረጋንቲ ቤት ለመሸከም እንጂ ሥር ለማብቀል አልተፈጠረም። ደግነቱ ሁሉንም ማውጣት የለብሽም። መንገዱና የመኪናው ቦታ ባለበት ይቅር፤ የተጠቀጠቀ መሠረት በነፃ አገኘሽ ማለት ነው። መደቦቹን ብቻ ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር በዶማ አስቆፍሪ። ስትቆፍሪ የሲሚንቶ ጓል፣ የብሎኬት ስባሪ፣ ሚስማር፣ አንዳንዴም ሙሉ የሲሚንቶ ከረጢት ታገኛለሽ። ግንበኛ የማይቀብረው ነገር የለም። የሲሚንቶውን ጓል በደንብ ልቀሚ፤ ከቀረ አፈሩን ኖራማ ያደርገዋል። ያኔ የጽጌረዳሽ ቅጠል ቢጫ ይሆንና ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል።

ከዚያ ጉድጓዱ ውስጥ አንድ ባልዲ ውሃ ድፊ። በማግስቱ ውሃው እዚያው ካለ ከሥር የተጠቀጠቀ ንጣፍ አለ ማለት ነው፤ እሱ ይሰበር። የምትሞዪው አፈር ሁለት እጅ የገጽ አፈር፣ አንድ እጅ ብስባሽ ይሁን። የሐዋሳ አፈር አሸዋ ይበዛበታል። ውሃ ቶሎ ያሳልፋል፣ ምግብም አይዝም። ብስባሹ ለዚህ ነው። የከብት ፍግ፣ የቡና ገለፈት፣ የወጥ ቤት ትራፊ ይሆናል። እጅሽን ክምሩ ውስጥ አስገቢ። ሙቀት ከተሰማሽ ገና ነው፤ ሥር ያቃጥላል። ቀዝቅዞ፣ ጠቁሮ፣ የጫካ አፈር ሲሸት ነው የሚደርሰው። ቁፋሮውን እስከ ሚያዝያ ጨርሺና ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሰኔ አጋማሽ ትከዪ። እስከ ጥቅምት ድረስ ዝናቡ ያጠጣልሻል።

ባለቤትሽን እንዴት እናስታርቀው? ከ9 ሜትሩ 3 ሜትሩን በአንድ በኩል ለመኪናው ስጪው። ግን ሙሉውን አታንጥፉት። ጎማው የሚረግጠውን ሁለት መስመር ብቻ፣ እያንዳንዱን ግማሽ ሜትር አድርጋችሁ፣ በድንጋይ ሥሩት። መሀሉ ሳር ይሁን። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው ወደ ጎረቤት ከመሮጥ እዚያው ይሰርጋል። ታይልስ እኮ በጥር ፀሐይ ባዶ እግር የማያስረግጥ፣ በሐምሌ ዝናብ ደግሞ የሚያንሸራትት ነገር ነው። ለግቢ ማን እንደመረጠው አላውቅም።

ቀጥሎ 2 ሜትር መደብ። ቀጥሎ 1 ሜትር ከ20 መንገድ፣ ከትንሿ የግቢ በር ቀጥ ብሎ እስከ በረንዳው። የቀረው 2 ሜትር ከ80 ግንቡን ተደግፎ ሁለተኛ መደብ ይሆናል። መንገዱን እንዳታጣምሚው። እንግሊዛዊው ገበሬ ደክሞት ሲገባ መጠማዘዝ አያምረውም ነበር። ጠመዝማዛ የሚሠራው ቦታ ተርፎት የሚጨነቅ ሰው ነው። 1 ሜትር ከ20 ብዙ እንዳይመስልሽ። ተክሉ ከግራና ከቀኝ ይደፋበትና ሁለት ሰው ጎን ለጎን ለጥቂት የሚያልፍበት ይሆናል። መደፋቱ ነው ውበቱ፤ አትከርክሚው። ለንጣፉ የኮብልስቶን ትራፊ ፈልጊና በአሸዋ ላይ ደርድሪ፤ በሲሚንቶ አታስይዢው። ከድንጋዩ መሀል አንድ ሁለት ችግኝ ራሱ ሲበቅል ነው ግቢው የሚያምረው። ሰፊው መደብ ውስጥም ሦስት አራት የእግር ድንጋይ ጣል አድርጊ፤ ካልሆነ አረም ለመንቀል ጎመኑን ትረግጪዋለሽ።

ተከላው ከግንቡ ይጀምራል። ግንባችሁ ብሎኬት ከሆነ በቀን የሞቀውን ሌሊቱን ሙሉ ይተፋዋል፤ ስለዚህ ምንም ነገር ከ40 ሳንቲ ሜትር በላይ አታስጠጊበት። ፀሐይ ላይ ደግሞ የእንግሊዝ ምክር አትስሚ። እነሱ ጋ ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ናት። እኛ ጋ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ በሰሜን በኩል ታልፋለች፣ የቀረውን ጊዜ በደቡብ። በጥር እኩለ ቀን ላይ ብትቆሚ ጥላሽ ወደ ሰሜን ይወድቃል፣ በሐምሌ ደግሞ ወደ ደቡብ። የሚያቃጥለው የበጋው ነው። ስለዚህ ጥላ የሚወድ ተክል ግንቡ በስተደቡብ በኩል በሚሆንበት ጥግ ይግባ።

እዚያ ጥግ ላይ ሁለት እግር ቡና ትከዪ። በሐዋሳ የቡና አገር ውስጥ ሆኖ ቡናን ለጌጥ የሚተክል ሰው ማነሱ ይገርመኛል። ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ ያብረቀርቃል። ከረጅም ደረቅ ጊዜ በኋላ የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ሲወርድ፣ ሳምንት አለፍ ብሎ ቅርንጫፉ በነጭ አበባ ይሸፈናል። በማለዳ በረንዳ ላይ ብትወጪ ሽታው ከበሩ ይቀበልሻል። ሁለት ሦስት ቀን ነው የሚቆየው፤ ከዚያ አበባው ቡናማ ሆኖ ይረግፋል። ወራት ቆይቶ ደግሞ ቀዩ ፍሬ። እስቲ የትኛው የፈረንጅ ቁጥቋጦ ነው ይህን ሁሉ የሚሰጥሽ? ከጎኑ አንድ ፓፓያ ቢቆም ሳሳ ያለ ጥላ ይሰጠዋል። አቮካዶ ግን ይቅርብሽ፤ ግቢሽን ይውጠዋል።

በበሩ ላይ ለሚንጠለጠለው ጠንበለል አለልሽ። የራሳችን የጫካ ሐረግ ነው፤ አበባው ነጭ፣ ሽታው ማታ ማታ የሚበረታ። ከትንሿ በር በላይ በብረት ቅስት አሠሪና አንዱን በግራ፣ ሽታ ያላትን ጽጌረዳ በቀኝ ትከዪ። ጽጌረዳዋን ስትመርጪ ለገበያ የሚመረቱትን ባለ ረጅም አገዳ አትውሰጂ። ወታደር ይመስላሉ፣ አብዛኞቹ ሽታ የላቸውም። አሮጌ ግቢ ያላት ጎረቤት ወይም ዘመድ ፈልጊ። የእርሳስ ውፍረት ካለው አገዳ አንድ ስንዝር ቆርጠሽ፣ ግማሹን እርጥብ አሸዋ ውስጥ ቅበሪው። ከሦስቱ አንዱ ቢይዝልሽ በቂ ነው።

መሀሉ ላይ ዳህሊያ፣ ኮስሞስና የጥብስ ቅጠል። ዳህሊያና ኮስሞስ የሜክሲኮ ተወላጆች ናቸው፤ ፎቶው ላይ ግን እንግሊዛዊ መስለው ቆመዋል። ሐዋሳ ላይ ከእንግሊዝ ይልቅ ይመቻቸዋል። ከመካከላቸው አሪቲ አስገቢ። ጂኪል ብርማ ቅጠል ያላቸውን ተክሎች በአበቦቹ መሀል እያስገባች ቀለማቱን ታረጋጋ ነበር፤ ለእኛ ያንን ሥራ አሪቲ ይሠራዋል። እዚህ ላይ ነው መደጋገሙ የሚመጣው። አሪቲውን አንድ ቦታ ብቻ ከተከልሽው ይጠፋል። በሁለቱም መደብ አራት አምስት ቦታ ከተከልሽው ግን ዓይን እሱን እየተከተለ ግቢውን እንደ አንድ ያየዋል። ይህ ከሌለ ጥምር አትክልት ችግኝ መሸጫ ነው የሚመስለው። እኔ እሸጣለሁና አውቀዋለሁ፤ መሸጫዬ ሲታይ ግቢ አይመስልም።

ከመንገዱ ጠርዝ ጎመንሽ ይግባ። ቆስጣም ይግባ፣ ቅጠሉ ፀሐይ ሲያርፍበት ያበራል። የቀይ ሥር ቅጠልም ከብዙ አበባ ይበልጣል። በመካከላቸው ናስተርሺየም ይንፏቀቅ፤ አበባውም ቅጠሉም ይበላል፣ ፌጦ ፌጦ ይላል። ከጎመኑ ሁለት ሦስቱን አትቁረጪያቸው፣ ያብቡ። ቢጫ አበባቸው ላይ ንብ ሲሰፍርበት አማትሽ ራሳቸው ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ።

ጤና አዳምና ዳማከሴ ለየት ያለ ቦታ አላቸው፤ ከትንሿ በር አጠገብ። እኔ ቤትም የተተከሉት እዚያው ነው። እሁድ ጠዋት ቡና ሲፈላ የሰፈር ልጅ "ጤና አዳም ስጪን ተብለናል" ብሎ ያንኳኳል። ምች የመታው ሰው ያለበት ቤት ደግሞ ለዳማከሴ ይልካል። በሩ ጋ ከሆነ ልጁ ራሱ ቀንጥሶ ይሄዳል፣ ጎመንሽም አይረገጥም። ብቻ ጤና አዳሙን ከመንገዱ ጠርዝ ሁለት ክንድ አርቂው። ጭማቂው ቆዳ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፤ ቁምጣ የለበሰ ልጅ በእግሩ ታክኮት ቢያልፍ በማግስቱ ውሃ የቋጠረ ቁስል ሊያወጣ ይችላል።

ስለ ቀለም አንድ ነገር ብቻ። ያ የፎቶው ፈዛዛ ሮዝና ሐመር ሰማያዊ የሚያምረው በእንግሊዝ ደመና ሥር ነው። የእኛ የቀትር ፀሐይ ያጥበዋል። መሀሉን ደፈር በዪ፤ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ወይን ጠጅ። ነጩን ከበረንዳው አጠገብ አድርጊው፤ ሲመሽ ሁሉም ቀለም ሲጠፋ እሱ ይታያል፣ አንቺም የምትቀመጪው ያኔ ነው።

ውሃ። ጣሪያሽ ላይ አሸንዳ ካለ ሀብት አለሽ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ላይ 1 ሊትር ነው። 80 ካሬ ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 1,600 ሊትር ወረደልሽ። በርሜሉን ግን ክደኚው፤ የወባ ትንኝ አታርቢብን። ፎቶው ላይ ያለውን የወፍ መታጠቢያ ሳህንም ለዚያው ብለሽ ተዪው። በበጋ በየቀኑ ጠብ ጠብ ከማድረግ በሳምንት ሁለቴ በጠዋት፣ ከሥሩ፣ እስኪጠግብ አጠጪ። አፈሩን በደረቀ ሳር ጎዝጉዢው። የልብስ ውሃ ከሆነ የመጨረሻው ማለቅለቂያ ብቻ።

እንግሊዝ አገር ብርዱ ራሱ ግቢውን ያጸዳል። እኛ ጋ የሚተኛ ነገር የለም፤ ስለዚህ መቀሱ ያንቺ ነው። ኮስሞስ ዘሩን ይረጭና በዓመቱ ሁሉንም ይወርሳል፤ ከሦስቱ ሁለቱን ያለ ርኅራኄ ንቀዪ። ጽጌረዳ ከተገረዘች ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ታብባለች። ለገና ከፈለግሽ በኅዳር መጀመሪያ፣ ለእንቁጣጣሽ ከፈለግሽ በሐምሌ አጋማሽ ግረዢ። አደይ አበባም ከደጋ ዘሩን አስመጥተሽ አንድ ጥግ ብትበትኚ እላለሁ፤ ከእነ ኮስሞስ ጋር ዘመድ ነው፣ አብሮ ይኖራል።

የእንግሊዞቹ ግቢ በአጭር አጥር ስለታጠረ የሚያየው መንገደኛው ነው። የእኛ ከግንብ በስተጀርባ ነው። ግንብ አፍርሺ አልልሽም። የትንሿን በር የላይኛውን ግማሽ ግን በላሜራ ፋንታ ፍርግርግ አሠሪው። ከግንቡ ውጭ ያለችውንም ቁራጭ መሬት አትርሺ። እዚያ እሬት ትከዪ፤ ፍየል አይነካውም፣ ውሃ አይለምንም፣ ሲያብብም ወፍ ይመጣበታል። የወፍ ቆሎ ግን በምንም መንገድ አትትከዪ። አበባው ያምራል፤ አገር ምድሩን የወረረ አረም ነው።

ጥያቄ

ከአዳማ ነው የምጽፈው። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። የተከልኳቸው ረዣዥም አበቦች ሁሉ ነፋስ እየገነደሰብኝ ተቸገርኩ። ዳህሊያውም የሱፍ አበባውም ወድቋል። ግንቡን ከፍ ባደርገው ይሻላል?

መልስ

ጋሼ፣ የአዳማን ነፋስ ኤሌክትሪክ ያመነጩበታል፤ የእርስዎ ዳህሊያ ብቻውን እንዴት ይቋቋመዋል? ግንቡን ከፍ አያድርጉት። ነፋስ ድፍን ግንብ ሲያገኝ ከላይ ዘሎ ከኋላው እየተሽከረከረ ይወርዳል፤ ተክሉን የሚገነድሰው እሱ ነው። የሚሻለው ነፋሱን አሳልፎ ጉልበቱን የሚያደክም ነገር ነው። በሚመጣበት በኩል ቁጥቋጦ ይደርድሩ፣ ወይም ክፍተት ያለው የቀርከሃ አጥር ያቁሙ።

ዳህሊያውን ከወደቀ በኋላ ቢያስሩት እንደታሰረ ያስታውቃል፣ አያምርም። ቁመቱ ከጉልበት በታች ሳለ ዙሪያውን ቅርንጫፍ ያላቸው ደረቅ እንጨቶች ይሰኩለት። እንግሊዞችም እንዲሁ ነው የሚያደርጉት። ተክሉ በመሀላቸው ያድግና እንጨቱን ራሱ ይሸፍነዋል። ጫፉን አንዴ ቢቀነጥቡት ደግሞ አጥሮ ይንሰራፋል። የሱፍ አበባውን በረድፍ ከመትከል ጠጋ ጠጋ አድርገው በቡድን ይትከሉት፤ ይደጋገፋል። በእነሱ ፋንታ ቀይ አበባ የሚያወጣውን ትልቁን አደንጓሬ በሦስት እንጨት ላይ ቢያወጡትስ? እንግሊዝ አገር መጀመሪያ የገባው ለአበባው ተብሎ ነው፤ መብላቱ በኋላ ነው የመጣው። ነፋስ ቢያወዛውዘውም እንጨቱን አንቆ ይዟል፤ አይወድቅም።

ጥያቄ

እትዬ፣ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ነን። ጦጣዎች ፓፓያውንም የአበባውን እምቡጥም ጨረሱት። ምን ላድርግ?

መልስ

ጦጣውን ማባረር አትችይም፤ ከአንቺ በፊት እዚያ ነበር። ግን ማንም ሰው ከግቢሽ ሙዝ አይወርውርለት፤ እንግዳም ቢሆን፣ ልጅም ቢሆን። አንዴ ከለመደ በየቀኑ ይመጣል። ፓፓያውን ገና አረንጓዴ ሳለ በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍኚው። ቢጫ ማሳየት ሲጀምር ቆርጠሽ ቤት ውስጥ ይብሰል። ወደ ጣሪያሽ የተዘረጋውን ቅርንጫፍ ቁረጪ፤ መሰላሉ እሱ ነው። አበባ ላልሽው የሚሸቱትን አብዢ። የጥብስ ቅጠል፣ አሪቲ፣ ጤና አዳምና ኮሰረት ሲነካ አላየሁም። የጽጌረዳ እምቡጥ ግን ይወዳል፤ እሷን ከበረንዳው አጠገብ፣ ውሻው ከሚተኛበት በኩል ትከያት።